ባሕር ማዶ ለሚያገለግል ሐኪም

ሐኪም ወይም አስታማሚ የሆነ ልጅ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር በሚሄድበት ጊዜ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚመክረው ስለ ደመወዙ፥ ስለ ማደሪያውና ስለ ብርዱ ልብስ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይመከርበት ይቀራል፤ ይኸውም ወዳጅ በሌለበት አገር የሌላውን ሰው ሕመም እየሰሙ የራስን ብቸኝነት መቻል ነው። ቀኑን በሕሙማን መካከል የዋለ ሐኪም ማታ የሚያናግረው ሰው ሲያጣ፥ ከሥራው ድካም ይልቅ የቤቱ ዝምታ ይበረታበታል።

ከየካ፥ ከኮተቤና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈሮች ልጆቻቸውን ወደ ባሕር ማዶ የሚልኩ ወላጆች ብዙዎች ናቸውና በዚህ ወር ስለዚሁ ጥቂት እናወሳለን። ለምሳሌ የምናመጣቸው ሦስት ሰዎች ሲሆኑ፥ አንደኛይቱ ከዚህ ወጥተው የሄዱ፥ ሁለቱ ደግሞ ከሩቅ ወደዚህ የመጡ ናቸው፤ ሦስቱንም የአንድ ሐኪም ቤት ስም ያገናኛቸዋል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በስደት እንግሊዝ አገር ሲገቡ ገና 16 ዓመታቸው ነበር። አገራቸው በጠላት እጅ ሳለች፥ ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሐኪም ቤት ገብተው የአስታማሚነትን ሙያ ተማሩ፤ በ1939ም ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ስደተኛ ሰው ቀኑን በናፍቆት ቢያሳልፈው የሚነቅፈው አይኖርም፤ እሳቸው ግን የስደታቸውን ዓመታት በሕፃናት አልጋ አጠገብ ቆመው ሙያ አደረጓቸው። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው ብዙም ሳይቈዩ በ1942 በ22 ዓመታቸው ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሐኪም ቤት በ1951 በአዲስ አበባ የተከፈተው በስማቸው ነው።

ወደዚሁ ሐኪም ቤት በ1959 ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ከ6 ዓመት ልጃቸው ጋር ከአውስትራልያ መጡ። ሁለቱም የማኅፀንና የወሊድ ሐኪሞች ነበሩ። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውን ማስታወቂያ አይተው ለሦስት ዓመት ተዋውለው ነበር፤ የተጠሩበትም ሥራ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር።

ዘመድም የቅርብ ወዳጅም ወደሌላቸው ከተማ መግባታቸው ነበር። ነገር ግን ዶክተር ካትሪን ኋላ እንደ ተናገሩት፥ እንደ ደረሱ የአገራቸውን ዛፍ ባሕር ዛፍን እዚህ ስላገኙት ቦታው ባዕድ አልሆነባቸውም። ባሕር ዛፍ መነሻው አውስትራልያ ሲሆን፥ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የከተማው ማገዶ እያለቀ በሄደ ጊዜ ገብቶ የእንጦጦንና የየካን ኮረብታዎች ያለበሰ ዛፍ ነው። እንግዲህ ለእንግዳ ሰው የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው፤ በሄድህበት አገር ከምታውቀው ነገር አንዱን ፈልግ። የዛፍ ሽታ ይሁን፥ የቡና ስኒ ይሁን፥ በሰንበት የሚሰማ የቅዳሴ ዜማ ይሁን፥ ልብ የሚያርፍበት ትንሽ ነገር ከተገኘ የቀረው ቀስ በቀስ ይለመዳል።

ሁለተኛው ምክር እንደ ገና ተማሪ ለመሆን አለማፈር ነው። ምጥ ቀናት ሲፈጅ በፊኛና በማኅፀን በር መንገድ መካከል ቀዳዳ ይከፈትና እናቲቱ ሽንቷን መቈጣጠር ያቅታታል፤ ይህም ፊስቱላ ይባላል። ሃምሊኖች በአገራቸው እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ የበሰሉ ሐኪሞች ሲሆኑ፥ የግብፁን ሐኪም የነጂብ ማሕፉዝን የመሳሰሉትን ሊቃውንት ጽሑፍ እየመረመሩ ቀዶ ሕክምናውን ተማሩ። አዲስ ቦታ የገባ ሐኪም «በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም» ማለትን ካበዛ ብቻውን ይቀራል፤ «አሳዩኝ» የሚል ግን ባልንጀራ አያጣም።

ሦስተኛው፥ የተነገረህ ሥራ ሌላ ሆኖ ብታገኘው ተስፋ አለመቍረጥ ነው። ሃምሊኖች የመጡለት የአዋላጆች ትምህርት ቤት 10 ያህል አዋላጆችን ብቻ አስተምሮ ተዘጋ። ውላቸው ሲያበቃ ቢመለሱ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ ነገር ግን ቈዩ፤ በ1974ም የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 ሲያርፉ ባለቤታቸው በዚሁ ከተማ ሥራውን ቀጠሉ። በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው አሳብ ከ48 ዓመት በኋላ ፍሬ አፈራ ማለት ነው። ዶክተር ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ዐረፉ።

ወዳጅስ ከወዴት አገኙ ቢባል፥ ከዚያው ከሥራቸው መካከል ነው። ለመታከም የመጡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ማንበብና መጻፍ የማያውቁ ነበሩ፤ በሐኪም ቤቱ ቀርተው መጀመሪያ ረዳት፥ በኋላም ራሳቸው የፊስቱላን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩና ሌሎችን የሚያስተምሩ ሆኑ። ወዳጅ ከአገር ቤት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል፤ በአጠገቡ ያለውን የሚያይ ግን ያገኛል።

ይህ ሲባል የሄደ ሁሉ በዚያው ይቅር ማለታችን አይደለም። የሦስት ዓመት ውሉን በቅንነት ፈጽሞ የሚመለስም ምስጋና ይገባዋል። ዋናው ነገር በሰው አገር ሳሉ ሻንጣ ሳይፈቱ አለመኖር ነው።

ለወላጆችም የምንለው አለን። ዛሬ በስልክ ፊት ለፊት መተያየት ቀላል ነውና፥ የቤቱን ችግር ሁሉ ማታ ማታ ለልጁ መዘርዘር ይቀናል፤ የገንዘብ ጥያቄም ከሰላምታው ይቀድማል። እንዲህ ከሆነ ልጁ በአካሉ እዚያ፥ በልቡ ግን እዚህ ሆኖ ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል። ይልቅስ «ዛሬ ከማን ጋር በላህ? የጎረቤትህ ስም ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ፥ ደመወዙ ምንም ቢበዛ ልጁ ችግር ላይ መሆኑን ዕወቁ።

ከሩቅ ክፍለ ሀገር ተመድቦ በሠፈራችሁ ጤና ጣቢያ የሚያገለግል፥ በኪራይ ቤት ብቻውን የሚያድር ወጣት ሐኪም ወይም አስታማሚም ይኖር ይሆናል። ልጃችሁን በሰው አገር ማን ይቀበለው ይሆን ብላችሁ እንደምትጨነቁ፥ የዚያም ልጅ እናት ትጨነቃለች። በመጪው ሰንበት ቡናው ሲፈላ ጥሩት።