ጣናን ፍለጋ ሃዋይ

ባለፈው ሳምንት ይህች ዓምድ ባዶዋን መቅረቷን አይታችሁ «ታሞ ነው ወይስ ታስሮ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አልታመምኩም። አልታሰርኩምም፤ እሱ ድሮ ነው። ነገሩን ደብቄ ላልፈው አስቤ ነበር፤ ግን ኮለምበስ ውስጥ ምን ይደበቃል? ጠዋት ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሻንጣ ስትጎትት የታየህ እንደሆነ፣ ማታ ሞርስ ሮድ ላይ የሄድክበት አገርና የትኬትህ ዋጋ ሳይቀር ይወራል። ስለዚህ ሰው ሳያወራብኝ እኔው ልናዘዝ። ሃዋይ ነበርኩ። ከነባለቤቴ፣ ከነሁለት ልጆቼ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ከደሴት ደሴት እየዘለልኩ።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ምን ዋይ አልከኝ?» አለችኝ። ደገምኩላት። «ልጄ፣ እዚህ ዋይ ዋይታው መች አነሰና ነው ፍለጋ የምትሄድ?» ብላ አረፈችው። ባሕር ዳር ላለ ሰው ምን መልስ ይሰጠዋል?

እውነቱን ለመናገር ገንዘቡም የሃዋይ ገንዘብ አልነበረም። የጣና ገንዘብ ነበር። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ከምርጫ 97 በኋላ ጋዜጦች ተዘግተው ጋዜጠኞች ወደ እስር ቤት ሲጋዙ አገር ጥዬ የወጣሁ ነኝ። በሰው አገር የተማርኩት ዲግሪ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። በፈረንጆቹ 2018 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው) የታሰሩት ሲፈቱ፣ የተሰደዱትም ግቡ ሲባሉ፣ ከየደመወዜ ቆንጠር እያደረግሁ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ለልጆቼም ቃል ገባሁ። አንድ ሳምንት ጣና ላይ! ሰኞ ክብራን ገብርኤል፣ ማክሰኞ ዘጌ፣ ረቡዕ የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ፣ ሐሙስ የዘርዐ ያዕቆብና የፋሲለደስ አጽም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ እያልኩ በጣቴ ቆጠርኩላቸው። ክብራን ሴት እንደማይገባበት ስነግራት ልጄ ያኮረፈችው ኩርፊያ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ከዚያ በ2020 ኮሮና መጣ። እሱ ሳይወጣ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። እሱ ቆመ ሲባል በ2023 ክረምት እሳቱ የኛው ደጅ ደረሰ። በመካከሉ አባቴ አረፈ፤ እርሜን እዚሁ ኮለምበስ በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ አወጣሁ። ገንዘቡ ግን ባንክ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ባለቤቴ አንድ ቀን ምሳ ዕቃዬን እያቀበለችኝ «ስማ አንተ ሰውዬ» አለችኝ፤ «ጦርነቱ አልቆ ሳይሆን ልጆቹ አድገው ነው የሚያልቁት። ደሴት ብለሃቸዋል፤ ያገኘኸውን ደሴት አሳያቸው።»

እናም ሄድን።

ከኮለምበስ ሎስ አንጀለስ፣ ከሎስ አንጀለስ ስድስት ሰዓት ያህል በውሃ ላይ። ሆኖሉሉ ከመድረሳችን በፊት ፍራፍሬ፣ ተክል፣ ዘር የያዘ እንዲያስመዘግብ ተነገረን። ባለቤቴ ከሻንጣዋ ሥር ግማሽ ኪሎ ጥሬ የይርጋ ጨፌ ቡና አስቀምጣለች፤ ያለ ቡና ቁርስ የት ይገኛል? በሐቅ አስመዘገበች፤ በሐቅ ተወሰደባት። ተቆጣጣሪው ትሑት ሰው ነበር። ያልተቆላ ቡና ያለ ፈቃድ እንደማይገባ፣ በ2020 የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ደሴቶቹ ውስጥ ገብቶ ገበሬውን እንዳስለቀሰ አስረዳት። «ቡናን ያበቀለችው አገር ቡና በሽታ ታመጣለች ተብላ ተጠረጠረች» እያለች እስከ ሆቴሉ ድረስ አጉረመረመች። በአራተኛው ቀን ኮና የሚባለው የቡና አገራቸው ስንደርስ ግን፣ አስጎብኚው በ1828 ቡና ወደ ቀበሌው እንዴት እንደገባ ሲያብራራ፣ እሷ ቅርንጫፉን እየዳሰሰች የመንደሯን ሰው ድንገት እንዳገኘች ሴት ፈገግ ትል ነበር። ዋጋውን ስትሰማ ፈገግታው ጠፋ።

የመጀመሪያዋ ደሴት ኦዋሁ ናት። ስለ ባሕር ዳርቻው ብዙ አልልም፤ ፎቶውን ሁላችሁም አይታችኋል፣ ልክ እንደ ፎቶው ነው። እኔን የያዘኝ ኢዮላኒ ቤተ መንግሥት ነው። በ1882 የተሠራ፣ ከዋይት ሐውስ ቀድሞ ኤሌክትሪክ የበራለት ያማረ ቤት ነው። የመጨረሻዋ ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ በጥር 1893 የውጭ ነጋዴዎችና የስኳር ባለ እርሻዎች ከአሜሪካ መርከብ የወረዱ ወታደሮችን ከጀርባቸው አሰልፈው ከዙፋን አወረዷት፤ በ1895 ደግሞ በገዛ ቤተ መንግሥቷ ፎቅ ላይ ባንድ ክፍል ውስጥ አሰሯት። በእስሯ ጊዜ ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሰፋችው የአልጋ ልብስ እስከ ዛሬ አለ። ንጉሡ በፎልክስዋገን ሲወሰዱ የሚያሳየውን ፊልም ያየን ኢትዮጵያውያን እዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ አስጎብኚ አያስፈልገንም።

ፒቲሽን የሚወድ አንባቢ ደግሞ ይህችን ይያዝልኝ። በ1897 የአገሬው ሰው ወደ አሜሪካ መጠቃለልን በመቃወም ከ21,000 በላይ ፊርማ ሰብስቦ ዋሽንግተን ድረስ ላከ። የነበረው የአገሬው ተወላጅ ሕዝብ 40,000 ገደማ ነው! ፊርማው ሠራ፤ የመጠቃለሉ ውል በሴኔቱ ሳይጸድቅ ቀረ። በማግሥቱ በ1898 ከስፔን ጋር ጦርነት ሲነሳ ግን ኮንግረሱ በሌላ መንገድ አዙሮ ጠቀለላቸው። ይቅርታ የተጠየቁት በ1993 ነው፤ ክሊንተን ፈረመበት። መቶ ዓመት ቢዘገይም ይቅርታ ይቅርታ ነው ብለን እንለፈው።

ከኦዋሁ ማዊ በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ያህል ናት። እዚያ ላሃይና የምትባል ከተማ አለች። በነሐሴ 2023 በነፋስ የተገፋ እሳት በአንድ ቀን አመድ አደረጋት፤ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ላሃይና የመንግሥታቸው የድሮ ዋና ከተማ ነበረች። ሰፈሩ እያገገመ ቢሆንም ካሜራ ይዞ የሰው ሐዘን መሀል መግባት ነውር መስሎ ስለታየኝ መንገድ ዳር መኪናዬን አቁሜ ወደ ኮረብታው ብቻ አየሁ። ከከተማው በላይ ላሃይናሉና የተባለው ትምህርት ቤት አለ፤ ከእሳቱ ተርፏል። በ1834 «ካ ላማ ሃዋይ» የተባለው የመጀመሪያው የሃዋይ ቋንቋ ጋዜጣ የታተመው እዚያ ነው። የኛ «አእምሮ» በምኒልክ ዘመን ከመውጣቱ ከስድሳ ዓመት በላይ ይቀድማል።

ያረጀ የጋዜጣ ሰው ምን ያደርጋል? ልጆቼ አይስክሬም እያሉ ሲጮሁ እኔ ስለ ጋዜጣ አስባለሁ። ከዚያች ጋዜጣ በኋላ በሃዋይ ቋንቋ ከመቶ በላይ ጋዜጦች ወጡ። ሰዉ አንባቢ ነበር፤ ዜናውን፣ ሙሾውን፣ የድሮ ታሪኩን፣ ክርክሩን ሁሉ እዚያው ይጽፈው ነበር። ንግሥቲቱን ያወረዱት ሰዎች በ1896 የትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን በሕግ ደነገጉ። ጋዜጣ አልዘጉም፤ አንባቢውን ነው ከሥሩ የነቀሉት። ልጅ ማንበብ ሲያቆም ጋዜጣው ከሽማግሌዎቹ ጋር እያረጀ ሄደ። የመጨረሻው፣ «የሃዋይ ኮከብ» የተባለው፣ በ1948 ቆመ። ይህችን ጋዜጣ ሳዘጋጅ ከአርባ ዓመት በታች ያለ አንባቢ ደብዳቤ የጻፈልኝ መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። መኪናውን አስነስቼ ወደ አይስክሬሙ ሄድኩ።

ሦስተኛዋና ትልቋ ደሴት ራሷ ሃዋይ ትባላለች። ልጆቼ የመጡት ለእሷ ነው፤ እሳት ሊያዩ። ደሴቶቹ ሁሉ ከባሕር ወለል ሥር በፈለቀ የቀለጠ ዐለት የተሠሩ ናቸው፤ ይህችኛዋ ገና እየተሠራች ነው። ማውና ኬያ የሚባለው ተራራዋ 4,207 ሜትር ነው። የኛ ራስ ዳሸን ይበልጠዋል ብዬ ኮራሁ፤ ልጄ ወዲያው ከሰሌዳው ላይ ከባሕር ወለል ሲለካ ከ10,000 ሜትር እንደሚያልፍ አንብቦ ኩራቴን አፈረሰው።

ኪላዌያ የተባለው እሳተ ገሞራ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ እየተነሳ እየተኛ ነው። ሲነሳ የቀለጠውን ዐለት በመቶዎች ሜትር ወደ ሰማይ ይረጨዋል፤ ሲተኛ ያጨሳል። እኛ የደረስነው በተኛበት ሳምንት ነው። ይሄ ሁሉ ብር ወጥቶ ጭስ! «ጭስ ለማየትማ ቤታችን ዕጣን ይጨሳል» አለ ልጄ በእንግሊዝኛ። ስለ ኤርታሌ ነገርኩት፤ ስሙ በአፋርኛ የሚያጨስ ተራራ ማለት እንደሆነ፣ የእሳት ሐይቅ የምናይበት አገር እንዳለን፣ በኅዳር 2025 ደግሞ እዚያው አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ሕንድ ድረስ እንደተጓዘ። ጣናም የእሳት ልጅ ነው፤ ቀልጦ የፈሰሰ ዐለት የውሃውን መውጫ ገድቦ ነው ሐይቁ የተጠራቀመው። «ታዲያ ለምን እዚያ አልሄድንም?» አለኝ። መልስ ሳላገኝ ጥቁር ድንጋይ አንስቶ ኪሱ ሊከት ሲል ያዝኩት። ክልክል ነው፤ ደግሞም የእሳተ ገሞራዋ አምላክ ፔሌ ድንጋይዋን የወሰደባትን ትቀስፋለች ስለሚባል፣ ክፉ ያጋጠማቸው ጎብኚዎች በፖስታ ይመልሱታል። በኛም ዘንድ ንጉሡ አገር ለቆ የሚወጣውን ፈረንጅ ጫማ ያስጠርጉ ነበር፣ አፈራችንን እንዳይወስድ፣ እየተባለ ይተረታል። እኔ ስወጣ ጫማዬን የጠረገው አልነበረም።

ሂሎ ከተማ ገበያ ገብተን ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን ሲሸት ጊዜ ባሕር ዳር የደረስኩ መሰለኝ። አንዲት ትልቅ ሴት ትሸጣለች። እዚያ አገር ትልቅ ሴት ሁሉ «አንቲ» ነው የምትባለው፣ እንደኛ «እትዬ»። (ግዕዝ ለምታውቁ፣ አዎ፣ እኔም ስቄያለሁ።) ከየት እንደመጣን ጠየቀችን፤ ስደተኛ መሆኔን ስነግራት «እኛ ሳንሄድ ነው የተሰደድነው» አለች። አያቷ ተማሪ ቤት በቋንቋዋ ስለተናገረች ተመታለች፤ ስለዚህ ለልጆቿ ሳታስተምር ቀረች፤ ስለዚህ አንቲም ሳታውቀው አደገች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቋንቋውን የሚናገሩ ልጆች ሃምሳ አይሞሉም ነበር ይባላል። ያኔ ጥቂት ወላጆችና መምህራን «ፑናና ሌዮ»፣ የቋንቋ ጎጆ ብለው መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ፤ የመጀመሪያው በ1984 ነው። እንግሊዝኛ በር ላይ ይቀራል። ሕፃናቱን ከሚያነጋግሩት መካከል ቋንቋው አፋቸው ላይ የቀረላቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ። ዛሬ በዚያው ቋንቋ እስከ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አለ፤ ያረጁትን ጋዜጦች የሚያነቧቸውም እነዚህ ወጣቶች ናቸው። የአንቲ የልጅ ልጅ የዚያ ጎጆ ልጅ ናት። «አሁን እኔን ታርመኛለች» አለች አንቲ፣ ዘይቱኑን እየመዘነች።

ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «የእናትና የአባትሽ ቋንቋ ማን ይባላል?» «አማርኛ።» «እስቲ አንድ ነገር በይልኝ።»

ልጄ አሰበች። እኔን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ ጮክ ብላ «ቶሎ በይ!» አለች። ቀጥላም «ተይ። ብዪ። ተኚ።»

አንቲ ትርጉሙን ጠይቃ ሳቀች። ባለቤቴም ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች። ሌሊት ሠርቶ ጠዋት የሚተኛ አባትና ቀን ሠርታ ማታ የምትሮጥ እናት ለልጃቸው በአማርኛ ምን እንደሚሏት አራት ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ሰማነው። የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት? አስመዝግቤያት ነበር። ቅዳሜ ኦቨርታይም ሲመጣ ቀረች።

በመመለሻው አውሮፕላን ላይ በእንግሊዝኛ «አባዬ፣ ያ እሳት በአማርኛ ምንድን ነው?» አለችኝ። እሳተ ገሞራ አልኳት። ገሞራ ማን ናት? የሰዶም ጎረቤት። ቃሉን ከመጽሐፍ ቅዱስ አመጣነው፤ እሳቱ ደጃቸው የሚነድላቸው አፋሮች ግን የራሳቸው አላቸው አልኳት። «ገሞራው» ተብሎ የሚጠራ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ የሚባል ባለቅኔም እንደነበረን፣ በስደት እንዳለ በ2014 ስዊድን ውስጥ እንዳረፈ ነገርኳት። ስለ ባለቅኔው ብዙም ግድ አልሰጣትም። ፊደሉን ግን በናፕኪን ላይ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ለአለቃዬ ኦቨርታይም አልገባም አልኩት። ክፍሉ ውስጥ ሰባት ልጆች ነበሩ። ከዚያ ስንመለስ መኪና ውስጥ ለእናቴ ደወልንላት፤ ዕድለኞች ነበርን፣ መስመሩ ሠራ። ልጄ ስልኩን ነጥቃኝ፣ ቃሎቿን አንድ በአንድ እየለቀመች «እማማ፣ ቶሎ እመጣለሁ» አለቻት።

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። «ቶሎ ስንት ቀን ነው?» ስትል ከስፒከሩ ሰማኋት።

ስልኩን ተቀበልኩና የባሕር ዳር ዝናብ ገብቶ እንደሆነ ጠየቅኋት።