ውሃው እንዳይመጣ

ማክሰኞ ዕለት ከደሴ ወደ ሐይቅ ስመለስ፣ የሚኒባሱ ረዳት አንዲት ነፍሰ ጡር በትርፍ ጭኖ በሩ ሥር አጎንብሳ እንድትቆም አደረጋት። ወንበር የያዝነው ሁሉ ድንገት የመስኮቱ እይታ ማረከን። እኔ ግን ቦሩ ሜዳ እንኳ ሳንደርስ ተነሣሁላት። ቸር ሆኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

የእናቴን ተረት ደንበኞቼ ታውቁታላችሁ። ልዕልቲቱ ነፍሰ ጡሯን በደለቻት፤ እግዜር ተቆጣ፤ ሴቲቱ ከተቀመጠችባት መሬት በቀር ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆነ፤ ልዕልቲቱም ከነወገኖቿ ሰጠመች። ሐይቃችን እንዲህ ተፈጠረ። ከሰማሁት ስልሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ዛሬም ነፍሰ ጡር ቆማ ሳይ ጫማዬ የሚረጥብ ይመስለኛል።

ይህንኑ ከጎኔ ለነበረው ወጣት ብነግረው ሳቀ። «አብሽሩ ጋሼ፣ ተረት እኮ ነው! ሐይቁ መሬት ሰምጦ የተፈጠረ ነው» አለኝ። ልክ ነው። ግን ልክነቱ ከወንበሩ አላስነሣውም።

«ተረት ነው» ከሚሉ ሰዎች ጋር ጠቤ የቆየ ነው፤ የተሰማ ነገር በቀላሉ እንደማይሞት ላሳያችሁ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን የሚስዮናዊውን የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ የተረጎመው እ.ኤ.አ. በ1735 ነው። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1759፣ በአማራ ሸለቆ ስለተዘጋበት ልዑል «ራሴላስ»ን ጻፈ። አገራችንን አንድ ቀን አልረገጠም። የነገሥታቱ ልጆች ይታሰሩባት የነበረችው ግሸን ግን እዚሁ አምባሰል ናት። የሰማኸው ወሬ እንዲህ ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ተኝቶ ይነሣል።

ስጽፍ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ያቺ የተረቱ ነፍሰ ጡር የተቀመጠችባት መሬት፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለባት ናት ይባላል። እዚያ ሴት አትገባም። የገዳም ሥርዓት ነውና አልከራከርም። ብቻ እናቴ ተረቱን የነገረችኝ ከወዲህ ማዶ ቆማ በጣቷ እያሳየችኝ ነበር። ሴት ባዳነችው መሬት ላይ እግሯ ሳያርፍ ሞተች። ይህ እስከ ዛሬ ለምን እንዳልታየኝ እንጃ፤ ተረቱ ውስጥ ስልሳ ዓመት ስኖር የምፈራው ለራሴ ብቻ ነበር ማለት ነው።

እናንተ ተሳፋሪዎች፣ ነፍሰ ጡር ስታዩ ተነሡ። ረዳቶችም በትርፍ አትጫኑ። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው።