የጋራ ከፍተኛ ትምህርት ውጤት በማን መስፈሪያ ይለካል?

በሕዝብ ሀብት የተጀመረ ማንኛውም ሥራ በመጨረሻ የሚመዘነው በተገባው ቃል ሳይሆን በተገኘው ውጤት መሆኑ የሚያከራክር አይደለም። ይሁን እንጂ ውጤት የሚባለው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚቆጥረውና ለማን እንደሚነገር በግልጽ ካልተወሰነ ግምገማ የተባለው ተግባር ከሪፖርት ማድመቂያነት አያልፍም። ይህ ጥያቄ በተለይ ጎልቶ የሚታየው የአፍሪካ አገሮች በጋራ በሚያካሂዷቸው የከፍተኛ ትምህርት ፕሮግራሞች ላይ ነው። በአንድ አገር ዩኒቨርሲቲ የብዙ አገሮች ልጆች በሚማሩበት፣ ወጪውን አንዱ ሸፍኖት ጥቅሙ ድንበር በሚሻገርበት ሁኔታ መለኪያው ከተዛባ የሚጎዳው ተቋሙ ብቻ ሳይሆን የትብብሩ ዓላማ ጭምር ነው።

እንደሚታወቀው፣ የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን በተቀዳጁበት ዘመን በግንባር ቀደምትነት ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ የተማረ የሰው ኃይል ጥያቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በአፍሪካ ትምህርት ዕድገት ላይ የመከረ ጉባዔ በአዲስ አበባ ተካሄደ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ከፍተኛ ትምህርትን ብቻ የሚመለከት ሌላ ጉባዔ በታናናሪቭ ተደረገ። በ1967 የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ራባት ላይ ተመሠረተ። የዚህ ሁሉ ጥረት መነሻ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱ አገር ሁሉንም ዓይነት የትምህርት ዘርፍ ለብቻው ለማቋቋም አቅሙ ስለማይፈቅድለት ኃይልን አስተባብሮ መሥራት አማራጭ የሌለው መሆኑ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ነገር ግን ማበር ብቻውን አይበቃም። ለዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1963 የማከሬሬን፣ የናይሮቢንና የዳሬሰላምን ኮሌጆች በአንድ ጥላ ሥር አሰባሰበ። ሕክምናና ግብርና በማከሬሬ፣ ምህንድስናና የእንስሳት ሕክምና በናይሮቢ፣ ሕግ በዳሬሰላም እንዲሰጥ ሆኖ ሥራው ተከፋፈለ። ክፍፍሉ በኢኮኖሚ ስሌት የሚነቀፍ አልነበረም። ሆኖም እያንዳንዱ አገር በምድሩ ላይ የቆመውን ሕንፃና የትምህርት ክፍል ይቆጥር ነበር እንጂ በጎረቤቱ ዘንድ ተምሮ የተመለሰለትን ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንደ ጋራ ትርፍ አድርጎ የሚያሳየው የሒሳብ መዝገብ አልነበረውም። ለየራስ ዩኒቨርሲቲ የማቋቋሙ ፍላጎት እየበረታ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1970 ኅብረቱ ፈረሰ፤ ሦስቱም ኮሌጆች ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲዎች ሆኑ። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ቢኖር የጋራ ተቋም የሚጸናው እያንዳንዱ ሕዝብ ድርሻውን በዓይኑ አይቶ ሲያምንበት ብቻ መሆኑን ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ የአፍሪካ የከፍተኛ ትምህርት የልህቀት ማዕከላት ፕሮጀክትን እናገኛለን። ይህ በዓለም ባንክ የገንዘብ ድጋፍ የተካሄደ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2014 በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ተጀምሮ 22 ማዕከላትን አቀፈ። በ2016 ደግሞ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ 8 አገሮች 24 ማዕከላት ተመረጡ። የምዕራቡን የማስተባበር ኃላፊነት መቀመጫውን አክራ ያደረገው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር፣ የምሥራቁን ደግሞ ካምፓላ የሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት ተሸከሙ። ከኢትዮጵያ አራት ማዕከላት የተመረጡ ሲሆን፣ ሦስቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመድኃኒት ፍለጋና ሕክምና ሙከራ፣ በውሃ አስተዳደርና በባቡር ምህንድስና ላይ፣ አራተኛው በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በአየር ንብረት ለውጥን በሚቋቋም ግብርናና በብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ናቸው።

የዚህ ፕሮጀክት ልዩ ጠባይ ገንዘቡ የሚለቀቅበት መንገድ ነው። ገንዘቡ በዕቅድ ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን በአብዛኛው አስቀድሞ የተስማሙበት ውጤት መገኘቱ በገለልተኛ አጣሪ ሲረጋገጥ የሚከፈል ነበር። የተመዘገበ ተማሪ ይቆጠራል፤ ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣ ተማሪ ከአገሬው ተማሪ፣ ሴት ተማሪ ከወንድ የበለጠ ዋጋ ያስገኛል። በምሁራን መጽሔት የታተመ ጽሑፍ፣ ለተግባር ልምምድ የወጣ ተማሪ፣ የዕውቅና ማረጋገጫ ያገኘ ፕሮግራም፣ ማዕከሉ ከውጭ ያስገኘው ገቢ እያንዳንዳቸው ይመዘናሉ። ይህ አሠራር ዕቅድን በዕቅድነቱ ከማወደስ ልማድ እጅግ የተሻለ መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚያሰኘውን ባዶ ተስፋ ለመቀነስ አስችሏል። ሴቶችና የጎረቤት አገር ልጆች በቃል ብቻ ሳይሆን በበጀት ጭምር እንዲታሰቡ አድርጓል።

ዳሩ ግን ክፍያ የታሰረበት ነገር ሁሉ መሠራቱ፣ ክፍያ ያልታሰረበት ደግሞ መዘንጋቱ የማይቀር ነው። የተመዘገበ ተማሪ ገንዘብ ሲያስገኝ መዝጋቢው ይተጋል፤ ተማሪው ትምህርቱን በወቅቱ አጠናቅቆ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በሙያው ላይ ተሰማርቶ እንደሆነ ለመከታተል የሚተጋ ግን ሁልጊዜ አይገኝም። የታተመ ጽሑፍ ሲቆጠር የጽሑፉ ብዛት ይጨምራል፤ ጽሑፉ የየትኛውን ገበሬ ማሳ፣ የየትኛውን ሕሙም አልጋ እንደነካ ግን የቁጥሩ ሠንጠረዥ አይናገርም። ቁጥር ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑን አንክድም። የምንቃወመው መሣሪያው የዓላማውን ቦታ ሲይዝ ነው።

ትክክለኛው ውጤት ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚሁ ፕሮጀክት ውስጥ ሁለት ምሳሌዎችን መጥቀስ ይበቃል። በጋና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው የምዕራብ አፍሪካ የሰብል ማሻሻያ ማዕከል ለዶክትሬት ዲግሪ የሚቀበላቸውን ተማሪዎች የክፍል ትምህርታቸውን በጋና እንዲከታተሉ ካደረገ በኋላ ለመስክ ምርምራቸው ወደየአገራቸው ይመልሳቸዋል። ተመራማሪው በገዛ አገሩ አፈር፣ በገዛ ሕዝቡ ሰብል ላይ ይሠራል። በዚህም ምክንያት የዚህ ማዕከል ውጤት የሚታየው በዲግሪ ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን ለገበሬው በሚደርሰው ዘር ላይ ጭምር ነው። በናይጄሪያ ሪዲመርስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የተላላፊ በሽታዎች የዘረመል ጥናት ማዕከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢቦላ በሽታ ሌጎስ ሲገባ በሽታውን በመለየት ተሳትፏል። በ2020 መጋቢት ወር ላይም ከአፍሪካ ምድር የመጀመሪያ የሆነውን የኮሮና ቫይረስ የዘረመል ቅደም ተከተል ከአገሩ የጤና ተቋማት ጋር በመሆን ይፋ አደረገ። ናሙና ወደ ሩቅ አገር ልኮ መልስ እስኪመጣ መጠበቅን ያስቀረ ዕውቀት ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው መለካት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ሳይሆን መስፈሪያው በማን እጅ ነው የሚል ነው። ለእነዚህ ማዕከላት የዋለው ገንዘብ በአመዛኙ መንግሥታት በየሕዝባቸው ስም የተበደሩት ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬ፣ ሠራተኛና ነጋዴ ከሆነ የግምገማው ሪፖርት በቅድሚያ ሊደርሰው የሚገባው ለእርሱ ነው። ሪፖርቱ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ለአበዳሪው ከደረሰ በኋላ በመደርደሪያ ላይ ቢቀር ባለገንዘቡ ሳያውቅ ሒሳብ ተዘጋ ማለት ነው። የጥራት ማረጋገጫን ከአህጉሩ ውጭ ካሉ አካላት ብቻ መፈለግም እንዲሁ ያሳስበናል። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የራሱን የጥራት መመዘኛ ሥርዓት ተቀብሏል። በአዲስ አበባ በ2014 የጸደቀውና በ2019 በሥራ ላይ የዋለው የትምህርት ማስረጃዎች ዕውቅና ስምምነትም የአንዱ አገር ዲግሪ በሌላው ዘንድ እንዲከበር መንገድ ከፍቷል። መሣሪያው በእጃችን እያለ ከሰው ደጅ መዋስ ተገቢ አይደለም።

ከዚህ አኳያ ሦስት ነጥቦች አጽንዖት ሊሰጣቸው ይገባል እንላለን። አንደኛ፣ የማንኛውም አህጉራዊ ፕሮግራም ክትትል በምረቃ ቀን መቆም የለበትም። ምሩቁ ከተመረቀ ከሦስትና ከአምስት ዓመታት በኋላ የት እንዳለና ምን እንደሠራ የሚያሳይ መዝገብ በየማዕከሉ መኖር አለበት፤ የዚህ ወጪም ከመጀመሪያው በበጀት ሊያዝ ይገባል። ሁለተኛ፣ ተማሪ የላከ አገር ሁሉ በግምገማው ላይ ድምፅ ሊኖረው ያስፈልጋል። አስተማሪው አገር ብቻውን ውጤቱን ከመዘገበ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ዕጣ እንዳይደገም ዋስትና የለም። ሦስተኛ፣ ግምገማው ድክመትን በግልጽ የሚናገርና ለሰፊው ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ የሚቀርብ መሆን አለበት። ጉድለቱን የሚደብቅ ሪፖርት ከሐሰተኛ ሚዛን አይለይም፤ ዛሬ ቢያስመሰግን ነገ ያስጠይቃል።

እነዚህን ተግባራት ለመፈጸም አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያሻም። በአክራም ሆነ በካምፓላ ያሉት የራሳችን ተቋማት የማስተባበሩን ሥራ በተግባር ተለማምደውታል። የሚያስፈልጋቸው የአበዳሪው ፕሮጀክት ዘመን ሲያበቃ ክትትሉ አብሮ እንዳይቋረጥ መንግሥታት በየበጀታቸው የማይናወጥ ድርሻ መመደባቸው ነው። መስፈሪያውን በእጁ ያልያዘ ገበሬ የምርቱ ባለቤት ሆኖ እንደማይዘልቅ ሁሉ የምሁራኑን ሥራ በራሱ መስፈሪያ ያልለካ አህጉርም የዕውቀቱ ባለቤት ሊሆን አይችልም። ስለሆነም በየአገሩ የሚገኙ የትምህርት ኃላፊዎች፣ መምህራንና ምሩቃን ይህን ጉዳይ የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው ብለው ሳይተዉት የራሳቸው ኃላፊነት አድርገው እንዲይዙት እናሳስባለን።