ወንበሩን ትታችሁ መዝገቡን ግለጡ

ሰሞኑን አንድ የንባብ ወዳጄ የሕንዱን ቻውድሪ ቻራን ሲንግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀበራቸው፤ «ፓርላማ ፊት ሳይቀርቡ የወደቁ የሥልጣን ጥመኛ» ብሎ። ልዋሽለት አልሻም። የሞራርጂ ዴሳይ መንግሥት ሲፈርስ እጃቸው ነበረበት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1979 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ኢንዲራ ጋንዲ ድጋፋቸውን ሲነፍጓቸው፣ ነሐሴ ላይ መልቀቂያ አስገቡ፤ እስከ ጥር 1980ም በባላደራነት ቆዩ። ይኸው ነው።

ሆኖም ሰውን በወንበሩ ዕድሜ መስፈር ስንፍና ነው እላለሁ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከመስኮቴ ፊት የቆመ ሰው የቱንም ያህል ቢማጸነኝ፣ ስሙ ከመዝገቡ ከሌለ ለእኔ የለም። ይህን ጭካኔ በየቀኑ በገዛ እጄ ስለምፈጽም፣ የቻራን ሲንግን ሥራ ከወዳጄ ይልቅ የማውቀው ይመስለኛል።

እኒህ የሜሩት ገበሬ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1939 ገበሬውን ከአራጣ ዕዳ ለመታደግ የወጣውን ረቂቅ ሕግ ካዘጋጁት አንዱ ነበሩ። በመንግሥትና በአራሹ መካከል ተቀምጠው ግብር የሚሰበስቡትን ዘሚንዳሮች ያስወገደውንና በ1952 በኡታር ፕራዴሽ ሥራ ላይ የዋለውን ሕግ በመንደፍም ግንባር ቀደም ነበሩ። በ1953 ፓትዋሪ የሚባሉት የመንደር መሬት መዝጋቢዎች፣ የእኔው ብጤዎች፣ መንግሥትን ለማንበርከክ በሺዎች ሆነው መልቀቂያ አስገቡ። ቻራን ሲንግ አልለመኗቸውም፤ መልቀቂያውን ተቀብለው በምትካቸው ሌሎች ቀጠሩ። የአራሹን ስም የሚጽፈውም የሚፍቀውም ያ ብዕር እንደሆነ ያውቁ ነበርና።

በ1959 ኮንግረስ ፓርቲ ናግፑር ላይ ተሰብስቦ የኅብረት እርሻን ሲወስን፣ ኔሩን ፊት ለፊት ተቃወሙ። መሬቱ የራሱ የሆነ ትንሽ ገበሬ ከጋራ ማሳ የተሻለ ያመርታል ብለው ተሟገቱ፤ መጽሐፍም ጻፉበት። «መሬት ላራሹ» የሚለውን ጩኸት ሲሰማ ላደገ ለእኛ ትውልድ ይህ ሙግት እንግዳ አይደለም።

ወዳጄ ሊከሳቸው ከፈለገስ ትክክለኛውን ክስ ላቀብለው። የእሳቸው «ገበሬ» መሬት ያለው ገበሬ ነበር። ዘሚንዳሮች በራሳችን እናርሰዋለን ያሉትን መሬት ይዘው ቀሩ፤ በሰው ማሳ በቀን ሙያ የሚያድረው መሬት አልባ፣ ይልቁንም «አይነኬ» ተብሎ የተገፋው፣ ከአዲሱ መዝገብ ስሙን አጣ። ለእኔ ይህ ከወንበር ጥም የከፋ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም የመዝገብን ኃይል አሳምረው ያውቁ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን የአወዳሾቻቸው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 2024 የሕንድ መንግሥት ባራት ራትና የተሰኘውን ታላቅ ኒሻን ሊሰጣቸው ወሰነ፤ ከሞቱ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ። ይህ በታወጀ በአራተኛው ቀን፣ ለሰብላቸው ዝቅተኛ ዋጋ በሕግ ይረጋገጥልን ብለው ወደ ዴልሂ የተነሡ ገበሬዎች በፑንጃብና በሃርያና ወሰን ላይ አስለቃሽ ጭስ ተረጨባቸው። የሞተውን ገበሬ መሸለም እንዴት ይቀላል! ኒሻን አይራብም፤ ዋጋም አይጠይቅም።

ሹመት ሽረት ሲሆን፣ ይረሳል ግርግሩ፤
ወንበሩ ያረጃል፣ ይወልቃል ምስማሩ፤
ስሙ የሰፈረ፣ ያርሳል በድንበሩ፤
ስሙ ያልሰፈረስ፣ ወዴት ነው አገሩ?