ሜዳው በእኛ ብር ይሰራ ከተባለ የሴት ልጆቹ ሰዓት ይጻፍልን

እህቶቼ፣ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሥራ ላይ ያላችሁ ማታ ስትተኙ አንብቡት።

ከሁለት ወር ወዲህ የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ሌላ ወሬ የለውም። ሰፈራችን ወሎ ነው፣ ስሙን ልተወው። ጭቅጭቁ ስለ ኳስ ሜዳው ነው። ወጣቶቹ ሜዳው ይታጠር፣ ሰው ሰራሽ ሳር ይነጠፍበት፣ ዙሪያውን ሱቅ ተሰርቶ ይከራይ ይላሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ከታጠረ የለቅሶና የሰርግ ድንኳን የት ሊተከል ነው፣ ከብቱስ በየት ሊያልፍ ነው ብለው እንቢ አሉ። ሁለቱም ወገን የማይጣሉበት አንድ ነገር ቢኖር ብሩን አረብ ሀገር ያሉት ልጆች ይላኩ የሚለው ነው። ለእያንዳንዳችን 5 ሺህ ብር ደረሰን።

እኔ ሪያድ በ1 ሺህ ሪያል ነው የምሰራው። ሳሰላው 5 ሺህ ብር የአራት ቀን ልፋቴ ነው። አራት ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ቢሆንም አልሰስትም። መስጂድ ሲሰራ ሰጥተናል፣ ቤተክርስቲያን ሲታደስ ሰጥተናል፣ ለውሃ ቦኖም አዋጥተናል። ለሜዳም እሰጣለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፦ ሜዳው ሲያልቅ ሴት ልጆች የሚጫወቱበት በስንት ሰዓት ነው?

ከኮሚቴው አንዱ በቮይስ እየሳቀ "እታለም፣ ሴቶቹ መቼ ፈልገው ተከለከሉ? የድርሻሽን ላኪ እንጂ" አለኝ።

መቼ ፈልገው? እኔ እዛው ሜዳ ጥግ ነው ያደግኩት። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወንዶቹ ደብተራቸውን ለጎል ምልክት ያስቀምጣሉ፣ እኛ ጀሪካን እናነሳለን። ውሃ ቀድተን ስንመለስ ጨዋታው አልቆ ጨልሟል። አንዷ ደፍራ ብትገባ ደግሞ የሚሰድባት ሞልቷል፣ እቤት ስትደርስ የሚጠብቃት ሌላ ነው። ሽንት ቤት እንኳ በአካባቢው የለም፤ ወንዱ አጥሩ ሥር ዞር ይላል፣ ሴቷ የት ትሂድ? ማንም በቃሉ "አትጫወቺ" አላለን ይሆናል። ግን ሰዓቱም ቦታውም የእኛ አልነበረም።

እዚህ ያለሁበት ቤት የማዳሜ ልጅ 12 ዓመቷ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ኳስ ልምምድ ትሄዳለች። ቦርሳዋን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ይሄ ሀገር እኮ ሴት ስታዲየም ገብታ ኳስ እንድታይ የተፈቀደላት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በ2022 የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ጀመሩ። ልጅቷ የምትጫወትበት ሜዳ በር ላይ የሴቶች ሰዓት ተጽፎ ተለጥፏል፤ በዛ ሰዓት ወንድ ቢመጣ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ማንንም መለመን የለም፣ ሰዓቷ ነው ትገባለች። ሳውዲ የቻለችውን የእኛ ሰፈር የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞ የእኛ ሴቶች ኳስ አይሆንላቸውም የሚለኝ ሰው ሉሲዎችን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአፍሪካ የሴቶች ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች፣ በሀገር ውስጥ ሊግም ኮከብ ግብ አግቢ ነበረች። እሷም ልጅ ሆና ኳስ የነካችበት መሬት ነበራት።

አሁን ወደ ሳሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብሩ የሚያልቀው እዛ ላይ ነው። ወጣቶቹ የአዲስ አበባን ሜዳዎች በፎቶ አይተው ነው ልባቸው የሄደው፣ አልፈርድባቸውም፣ ያምራል። ግን ሙሉ የኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ከሆነ ከ7 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ነው። ሰው ሰራሽ ሳር ዝም ብሎ እንደ ምንጣፍ አይዘረጋም። ከሥሩ ጠጠርና ውሃ ማስወረጃ ይፈልጋል፣ ከላዩ የጎማ ፍርፋሪ ይበተንበታል፣ ይቦረሻል። እንደዛ ተደርጎለትም ከስምንት እስከ አስር ዓመት ቢቆይ ነው፣ ከዛ ይነሳና ሌላ ይገዛል። ያኔ ደግሞ ማን ሊላክ? ፀሐይ ላይ የሚግለውን ነገርማ እዚህ በእጄ ነክቼ አይቻለሁ፣ እንደ ምጣድ ነው። የእኛ ሀገር ፀሐይ እንደ ሪያድ አይደለም፣ እሺ። ግን የእኛ ሜዳ ችግር መቼ ሳር ማጣት ብቻ ሆነ? ሐምሌና ነሐሴ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ያ ጎርፍ ሳይያዝ ሳር ብናነጥፍ በአንድ ክረምት ደለል ይሞላዋል።

ስለዚህ እኔ ያልኩት ይሄን ነው። መጀመሪያ በላይኛው በኩል ጎርፉን የሚያዞር ቦይ ይቆፈር። ግሬደር ተከራይተን ይደልደል፣ መሃሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ውሃው ወደ ዳር እንዲወርድ። ከዛ ሰርዶ ይተከል። ሰርዶ እኮ የትም አለ፣ በሞቃት ሀገር ለኳስ ሜዳ የሚመርጡትም የሱን ዘር ነው፣ ቢረገጥ መልሶ ይበቅላል። ለሴትና ለወንድ የተለያየ ሽንት ቤት ይሰራ፣ የሴቶቹ በር ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። የተረፈ ብር ካለ መብራት ይግባ። ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ ዳር ላይ ይተከላል፣ ትልልቆቹም አይቀየሙም።

አጥርና ሱቅ ላይ ግን አልስማማም። በሰዓት የሚከራይ ሜዳ የሚከፍል ሰው ሜዳ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ ሥራ ያለው ወንድ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ በጨርቅ ኳስ ሊጫወት ሲመጣ ዘበኛ ሊያባርረው ነው ማለት ነው፣ ያውም በእህቱ ብር። ዙሪያው ሱቅ ሲሆን ደግሞ ሜዳው ከዓመት ዓመት እየጠበበ ይሄዳል። አይተናል።

አንዳንድ እህቶች ግሩፑ ላይ "ደሞዝ የተከለከለች አለች፣ እስር ቤት ያለች አለች፣ አንቺ ስለ ኳስ ታወሪያለሽ" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፣ መከራው አለ። እኔም ሜዳ ስደትን ያስቀራል አልልም፤ ደላላው ከሜዳ ይበልጣል። ነገር ግን ብሩ ቢሆን ባይሆን ከእኛ ኪስ ሊወጣ ነው። ከወጣ አይቀር የ14 ዓመቷ ልጅ ከእቃ ማጠብና ከውሃ መቅዳት ውጭ በሳምንት ሁለት ሰዓት የምትሮጥበት ይኑራት ማለት ምን ክፋት አለው? ወንዶቹማ ትልቅ ነገር ነው ብለው ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጨዋታው ማላዊ የሆነው ሀገራችን ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም ስላጣች ነው ብለው እስካሁን ይቆጫሉ። ሜዳ ማጣት ለወንድ ብቻ ነው እንዴ የሚያስቆጨው?

ከሰፈራችን ውጭ ሀገር ያለነው አራት ሆነን ተነጋግረናል፤ ሁለታችን ሪያድ፣ አንዷ ኩዌት፣ አንዷ ቤሩት። ብሩን በአንድ ሰው የግል ሂሳብ አንልክም። በሦስት ሰው ፊርማ የሚወጣ የባንክ ሂሳብ ይከፈት፣ ከሦስቱ አንዷ ልጇ ብር የምትልክላት እናት ትሁን። የሴት ልጆቹ ሰዓት፣ ቅዳሜ ጠዋትና በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት መልስ፣ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ፎቶው ይላክልን። ያኔ በዛው ቀን 5 ሺህ ብራችን ይገባል።

ኮሚቴው እሑድ እንሰበሰባለን ብሏል። የሳቀው ልጅ እስካሁን ዝም ነው። እናንተ ሰፈር ሜዳ ተሰርቶ ከሆነ ሴቶቹ ይጫወቱበታል? ሰዓት የተሰጣቸውስ አሉ? እንዴት እንዳደረጋችሁት ከእሑድ በፊት ጻፉልኝ፣ ግሩፑ ላይ አነብላቸዋለሁ።