የጦር መርከብ ዕድሜና የተሳሳተው ሒሳብ

ክሩዘር የተባለው ሚሳይል ታጣቂ ትልቅ የጦር መርከብ ከ30 እስከ 40 ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ ይሠራል። ይህ ቁጥር ግን መርከቡ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ ዕድሜ አይደለም። በየዓመቱ በሚመደብ ገንዘብ፣ በሠለጠነ እጅ፣ በመለዋወጫና መርከቡን ከውኃ አውጥቶ በሚያድስ መጠገኛ የሚጠበቅ ዕድሜ ነው። እነዚህ ከተሟሉ መርከቡ ከታቀደለት ዘመን ሊያልፍ ይችላል፤ ከጎደሉ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ዝጎ ይቀራል። በኢትዮጵያ ስለ ባሕር ኃይል በሚነሳው ክርክር ይህ ጉዳይ ቦታ የለውም። ክርክሩ መርከብ ይገዛ ወይስ አይገዛ፣ ወደብ ይገኝ ይሆን ወይስ አይገኝም በሚለው ላይ ያርፋል። መርከቡ ከተገዛ በኋላ 30 ዓመት ሙሉ ማን ይጠግነዋል፣ በምን ገንዘብ፣ የት ቦታ የሚለው አይጠየቅም። አገሪቱ ራሷ ያሳለፈችው የባሕር ኃይል ታሪክ ግን ነገሩን የሚወስነው ይህ ጥያቄ መሆኑን ያሳያል።

የመርከብ ክፍሎች እኩል አያረጁም። የመርከቡን ገላ የባሕር ጨው ሌት ተቀን ይበላዋል። ከብረቱ በፊት እንዲበላ የዚንክ ቁራጭ ከውኃ በታች ይገጠምለታል፤ ዚንኩ ሲያልቅ ይለወጣል። በየጥቂት ዓመቱ መርከቡ መጠገኛ ገንዳ ውስጥ ይገባና ውኃው ተመጥጦ ይወጣል። የተጣበቀበት አረምና ቅርፊት ይፋቃል፤ የብረቱ ውፍረት ይለካል፤ የሳሳው ተቆርጦ በአዲስ ይተካል፤ ገላው እንደገና ቀለም ይቀባል። የሞተር ዕድሜ የሚቆጠረው በሠራበት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ሲሞላ ተፈትቶ መታደስ አለበት። ራዳሩና የተኩስ መቆጣጠሪያው ሳይበላሹም ያረጃሉ፤ ዕቃውን የሚሠራው ፋብሪካ ማምረት ሲያቆም ጊዜያቸው አለፈ ማለት ነው። ሚሳይሉም ቢሆን ሳይተኮስ ተቀምጦ ነዳጁና ባትሪው ጊዜ ያልፍባቸዋል። በአሜሪካ የመከላከያ ሒሳብ አሠራር ከአንድ የጦር መሣሪያ የዕድሜ ልክ ወጪ ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው ከግዢ በኋላ የሚመጣው ነው። የግዢው ዋጋ ብቻ የሚነገረው ሰው የሚሰማው የሒሳቡን ትንሹን ክፍል ነው።

ሀብታም አገሮችም ይህን ሒሳብ ሲስቱ ይከስራሉ። ቲኮንዴሮጋ የተባለው የአሜሪካ ክሩዘር በ1983 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ጀምሮ በ2004 ተሰናበተ፤ ያገለገለው 21 ዓመት ነው። የዚሁ ዓይነት የሆነው በንከር ሂል በ1986 ጀምሮ እስከ 2023 ድረስ 37 ዓመት ኖረ። ልዩነቱን ያመጣው የሚሳይል ማስወንጨፊያው ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት መርከቦች የአሮጌው ዓይነት ማስወንጨፊያ ነበራቸው፤ ከበንከር ሂል ጀምሮ የተሠሩት ግን ሚሳይሉን ከወለሉ ሥር በቀጥታ ወደ ላይ የሚያወጣው አዲሱ ተገጠመላቸው። በኋላም በ2015 የአሜሪካ ባሕር ኃይል 7 ክሩዘሮችን ለማደስ ተነሳና ወደ 3.7 ቢሊዮን ዶላር አወጣ። የኮንግረሱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ከሰባቱ አራቱ እድሳቱ ከተጀመረ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ለግዳጅ ሳይሰማሩ ተሰናብተዋል፤ በእነሱ ላይ የባከነው 1.84 ቢሊዮን ዶላር ነው። ጥገና ሲዘገይ፣ ሥራው በወጉ ሳይታቀድ ሲጀመርና ክትትሉ ሲላላ ገንዘብ ብቻውን መርከብ አያድንም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሶቪየት ኅብረት ነው። በኋላ ሞስክቫ የተባለችው ክሩዘር በዩክሬን ሚኮላይቭ ተሠርታ በ1983 እ.ኤ.አ. ስላቫ በሚል ስም አገልግሎት ጀመረች። በ1990 ለእድሳት ወደዚያው ወደብ ተመለሰች። ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ መርከቧ የሩሲያ፣ መጠገኛው የዩክሬን ሆነ፤ እድሳቱም ወደ አሥር ዓመት ተጓተተ። ወደ አገልግሎት የተመለሰችው በ2000 ነው። በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. በዩክሬን ሚሳይሎች ተመትታ ስትሰምጥ ዕድሜዋ 39 ዓመት ነበር፤ ሩብ ያህሉን ያሳለፈችው ግን መጠገኛ ውስጥ ቆማ ነው። መጠገኛው በሌላ አገር እጅ የሆነ መርከብ ዕድሜውም በሌላ አገር እጅ ነው።

ኢትዮጵያ ክሩዘር ኖሯት አያውቅም። ከነበሯት መርከቦች ትልቋ የባሕር ኃይሉ ሰንደቅ መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» ናት። የመጀመሪያ ስሟ ኦርካ ሲሆን በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተሠራች የባሕር አውሮፕላን ረዳት መርከብ ነበረች። በ1944 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምራ በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ዙሪያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሳተፈች፤ በ1946 በቢኪኒ ደሴት በተደረገው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራም ተገኝታለች። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር፣ ፍጥነቷ ወደ 18 ኖት ነበር። አሜሪካውያን በ1947 ወደ መጠባበቂያ አስገቧት፤ በ1951 መልሰው አሠማሯት፤ በ1960 እንደገና አሳረፏት። በጥር 1954 ዓ.ም. (1962 እ.ኤ.አ.) ለኢትዮጵያ ስትሰጥ ሥራ ከጀመረች 18 ዓመት ሆኗት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሊደነቅ የሚገባው ነው። ይህች ያገለገለች መርከብ በኢትዮጵያውያን እጅ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ 29 ዓመት ቆየች። አሜሪካ ግን በሥራ ላይ ያዋለቻት ሁለቱም ጊዜ ተደምሮ ወደ 12 ዓመት ብቻ ነው። ለዚህ የሚታዩ ምክንያቶች አሉ። መርከቧ የማሠልጠኛ መርከብም ስለነበረች በየዓመቱ አዳዲስ ሰልጣኞች ሞተሩንና መሪውን በእሷ ላይ ይማሩ ነበር። የእሷ ዓይነት መርከብ ከ30 በላይ ተሠርቶ ለብዙ አገሮች ስለተከፋፈለ፣ ዓይነቱን የሚያውቅ ባለሙያ ብርቅ አልነበረም። ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መኮንኖች የላከችው ኖርዌይም የዚሁ ዓይነት መርከብ ሃኮን ሰባተኛ ብላ ሰይማ ለራሷ ማሠልጠኛ ታደርግ ነበር። የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ በ1969 ዓ.ም. ከተቋረጠ በኋላም መርከቧ ከአሥር ዓመት በላይ ከአገልግሎት አልወጣችም። ይህ የመካኒኮች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችና የበያጆች ሥራ ነው።

የባሕር ኃይሉ ታሪክ ሲነገር ግን እነዚህ ሰዎች አይነሱም። የሚነሳው በምጽዋ ይከበር የነበረው የባሕር ኃይል ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ የተገኙበት ሰልፍ፣ ከምዕራብም ከምሥራቅም የመጡት የጦር መርከቦች፣ የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት የልዑል እስክንድር ደስታ ነጭ ዩኒፎርም ነው። ይህ አተራረክ ኩራት ይሰጣል፤ ለቀጣዩ ትውልድ የሚያስተምረው ግን የተሳሳተ ነገር ነው። ባሕር ኃይል ማለት በሰልፍ ቀን የሚታየው ነው ያሰኛል። ሰልፉ ሲያበቃ ሞተር ክፍል ወርዶ ዘይት የሚለውጠው ሰው ከታሪኩ ከወጣ፣ ከበጀቱም መውጣቱ አይቀርም።

በደርግ ዘመን የባሕር ኃይሉ መሣሪያ ወደ ሶቪየት ተቀየረ። ፔትያ የተባሉ ፍሪጌቶችና ኦሳ ሁለት የተባሉ ሚሳይል ታጣቂ ፈጣን ጀልባዎች ገቡ። ለሚሳይል ክሩዘር በሥራው የሚቀርበው የኢትዮጵያ መርከብ ይህ ኦሳ ነው። አራት ሚሳይል ይይዛል፤ በወደ 40 ኖት ፍጥነት ይከንፋል። ፍጥነቱን የሚሰጡት ሦስት ሞተሮች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 56 ሲሊንደር አላቸው፤ በአንድ ጀልባ ላይ 168 ሲሊንደር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ኃይሉ የበዛውን ያህል የሥራ ሰዓቱ ያጥራል፤ ቶሎ ቶሎ ተፈትቶ መታደስ ይፈልጋል። ሚሳይሉም በፈሳሽ ነዳጅና በአሲዳማ ማቃጠያ ፈሳሽ የሚሠራ ስለሆነ አያያዙ የተለየ ሙያ ይጠይቃል። መለዋወጫው ከሞስኮ ይመጣ ነበር። በዳህላክ ደሴቶች ኖኩራ ላይ የነበረው ተንሳፋፊ መጠገኛም የሶቪየቶች ነበር። መርከቡ የኢትዮጵያ፣ የመርከቡ ዕድሜ ግን የሌላ ነበር።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. (1991 እ.ኤ.አ.) የቀሩት መርከቦች ወደ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ሸሹ። «ኢትዮጵያ»ም የመን ደረሰች። በዚያ ጊዜ ከባድ ጉዳት ሳይደርስባቸው የቆሙ መርከቦች ነበሩ። ሁለት ዓመት ያህል ያለ በቂ ጥገና ሲቆሙ ግን ብዙዎቹ ከጥቅም ውጪ ሆኑ። «ኢትዮጵያ» በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የተረፉት ጂቡቲ ገቡ፤ የወደብ ክፍያ ስላልተከፈለላቸው ጂቡቲ ይዛ በመስከረም 1989 ዓ.ም. ለጨረታ አቀረበቻቸው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በዚሁ አበቃ።

በሰፊው የሚነገረው ማብራሪያ ባሕር ኃይሉ የጠፋው ወደብ ስለጠፋ ነው የሚለው ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ወደብ ማጣት ትልቁ ምት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን መርከቦቹ ከወደቡ ጋር አልሰመጡም፤ ሸሽተው ድነው ነበር። ያለቁት የሚጠግናቸው ስላልነበረ፣ የቆሙበትን የሚከፍልላቸውም ስላልተገኘ ነው። ይህን ልዩነት አለማየት አደገኛ ነው፤ ወደብ ቢገኝ ሁሉም ነገር ይመለሳል ወደሚል ድምዳሜ ይወስዳልና። ጥገና የሌለበት ወደብ መርከብ ቆሞ የሚዝግበት ቦታ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ እንደገና ተነስቷል። በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ባሕር ኃይሉን የመገንባት ዓላማ አስታወቁ፤ በመጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋር በዚሁ ጉዳይ ስምምነት ተፈረመ። ይህን ውይይት የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሰቆጣ ሆኖ ማየት ይጠቅማል። በአየር መስመር ሲለካ ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከምጽዋ ግን ወደ 330 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ከዋና ከተማው ይልቅ ለቀይ ባሕር ትቀርባለች ማለት ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ የሚመጣው አሞሌ ጨው ይሸጥበት የነበረው ገበያዋም በሰሜን ደጋ የታወቀ ነበር። በሌላ በኩል ዋግ ኽምራ የ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ የመታው አገር ነው። ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ በ2007 ዓ.ም. የተገባው ቃል ኪዳንም የሰቆጣን ስም ይዟል።

እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች ይጋጠማሉ። አንዱ መርከብ የክብር ጉዳይ ነው፣ ዋጋው አይጠየቅም ይላል። ሌላው ሕፃን እየቀነጨረ መርከብ ማሰብ ግፍ ነው ይላል። የሁለተኛው ሐሳብ በዋግ ምድር ላይ የሚከብድ እውነት አለው፤ የመጀመሪያውም ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር የባሕር መውጫ ደኅንነት እንደሚያሳስበው ከታሰበ መሠረት አያጣም። ነገር ግን ሁለቱም መርከብን የአንድ ቀን ወጪ አድርገው ይከራከራሉ። መርከብ የ30 ዓመት ወጪ ነው። የዋግ ገበሬ በየዓመቱ ከሚገብረው ላይ በየዓመቱ የሚቆረጥ ነገር ስለሆነ፣ ሙሉውን ሒሳብ አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው።

አንድ ግንባታ ከምረቃው በኋላ በምን እንደሚኖር ዋግ በቅርበት ያየዋል። በ2001 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ተሠርቷል። ሐይቁ የዋግ ቆላማ ወረዳዎችን ስለሚነካ ወጣቶች ዓሣ ያሰግሩበታል። የዚህን ሐይቅ ዕድሜ የሚያሳጥረው ክረምት በገባ ቁጥር ከተራቆተው ተዳፋት ታጥቦ የሚወርደው ደለል ነው። የሚያራዝመው ደግሞ በሰቆጣ ዙሪያና በአጎራባች ወረዳዎች አርሶ አደሩ በበጋ ወጥቶ የሚሠራው እርከንና የሚከልለው ተራራ ነው። እርከን አንድ ዓመት ቢታለፍ ጎርፍ ይንደዋል፤ ስለዚህ ሥራው በየዓመቱ ይደገማል። በሐይቁ ላይ ለሚሠራ ማኅበር ሞተር ጀልባ ሲሰጥም ሞተሩ ሲቆም የሚጠግነው ማነው፣ መለዋወጫው ከየት ይመጣል፣ ከዓሣው ሽያጭ ስንት ይቀመጥለታል ተብሎ መጠየቅ አለበት። ይህን ለትንሽ ጀልባ መጠየቅ ተገቢ ከሆነ ለጦር መርከብ አለመጠየቅ ስንፍና ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ የሚቀድመው ሰው ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ ለንግድ መርከቦች መሐንዲሶችን ያሠለጥናል፤ የጦር መርከብ ጥገና ሙያ ከመርከቡ በፊት በዚህ መሠረት ላይ ሊገነባ ይችላል። ሁለተኛው መጠገኛ ነው። መርከቡ የት ገንዳ እንደሚገባ፣ በምን ክፍያና ለስንት ዓመት በተፈረመ ውል እንደሚጠገን ከግዢው ውል በፊት መታወቅ አለበት። ሦስተኛው መለዋወጫ ነው። ከአንድ አገር ብቻ የሚመጣ ከሆነ ፖለቲካው በተለወጠ ማግስት ምንጩ ይደርቃል፤ 1969 እና 1983 ዓ.ም. ይህንኑ አሳይተዋል። አራተኛው ልክ ነው። ሊጠገን የሚችል ትንሽ የጥበቃ ጀልባ፣ ሊጠገን ከማይችል ትልቅ መርከብ ይበልጣል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መርከብ ግዢ ሲቀርብለት ከዋጋው ጋር የ30 ዓመት የጥገና፣ የሠራተኛ፣ የነዳጅና የወደብ ወጪ ተዘርዝሮ እንዲቀርብለት መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ሰነድ የሌለው ግዢ መጽደቅ የለበትም። ኢትዮጵያ አሮጌ መርከብን 29 ዓመት ማኖር የቻሉ ባለሙያዎች የነበሯት አገር ናት። ያንን ሙያ ሳያስቀድም መርከብ የሚገዛ መንግሥት ለባሕር ኃይሉ የሚያወርሰው ዝገትና ዕዳ ነው።