ማደሪያ የተሰጠው ወንዝ

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። በዛሬው የኤውሮፓ አገር ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ደኅና ቤት ያላቸው ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ማደሪያቸውን በመኪና ላይ ጭነው ሲዞሩ ይታያሉ። አልጋው፣ ምድጃው፣ የውሃ በርሜሉ፣ መጸዳጃው ሳይቀር በአንድ መኪና ውስጥ ተሰናድቷል፤ ከኋላው ሁለት ቢስክሌት ታስሮበታል። ይህ የቤት መኪና ከሰሜኑ አገር ብርድ ሸሽቶ ቀስ እያለ ወደ እስፓኝ የባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ጡረታ ወጥተው የብርዱን ወራት በሙሉ በዚህ አኳኋን የሚያሳልፉ ባልና ሚስቶች ብዙ ናቸው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ ያሰብነው ከእነዚህ ዳርቻዎች ስለ አንዱ ነው፤ ይኸውም የኤብሮ ወንዝ ከሜዲቴራኒያን ባሕር ስለሚገናኝበት፣ ደልታ ስለሚባለው የደለል ምድር ነው። ዘመኑን የምንቈጥረው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ኤብሮ ከእስፓኝ ሰሜናዊ ተራሮች ተነሥቶ 930 ኪሎሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ከባርሴሎና ከተማ ወደ ደቡብ 180 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ባሕር ይገባል። ለብዙ መቶ ዓመታት ጠርጎ ባወረደው አፈር 320 ካሬ ኪሎሜትር የሚያህል ሜዳ ሠርቷል። ይህ ሜዳ እንደ ቀስት ጫፍ ሾሎ ወደ ባሕሩ ዘልቆ ይታያል። ኰረብታ የሚባል ነገር የለበትም፤ ብዙው ክፍል ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዳገት ለሚያስፈራው የቢስክሌት ነጂ ከዚህ የተሻለ አገር ማግኘት ያስቸግራል።

ከሜዳው ከግማሽ የሚበልጠው የሩዝ እርሻ ነው። ውሃውም ከወንዙ የሚመጣው በሁለት ትልልቅ ቦዮች ሲሆን፣ የቀኙ በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ላይ፣ የግራው ደግሞ በ1912 ተከፍቷል። በሚያዝያ ወር ውሃው ወደ እርሻው ሲለቀቅ አገሩ ሁሉ መስተዋት ይመስላል። በበጋ ይለመልማል፤ በመስከረም ወርቅ መስሎ ይታጨዳል። በዚያን ጊዜ በቦዩ ዳር በቢስክሌት የሚሄድ ሰው ከማጨጃው መኪና ኋላ ነጫጭ ወፎች ተሰልፈው ሲለቅሙ ያያል።

የወፉን ነገር ካነሣን፣ በዚህ ደልታ ከ300 በላይ የሚሆን ዓይነት ወፍ ታይቷል። መንግሥትም በ1983 ቦታውን የተፈጥሮ መጠበቂያ ፓርክ አድርጎታል። ኤንካኚሳዳና ታንካዳ በሚባሉት ኩሬዎች ዳር ማማ ስለ ተሠራ፣ መንገደኛው ቢስክሌቱን አስደግፎ ከላይ ሆኖ ይመለከታል። እኛ በአብያታ ሐይቅ ዳር የምናውቀው ባለ ረጅም እግሩ ፍላሚንጎ እዚያም በብዛት ይገኛል። የሚፈለፍለው ግን ፑንታ ዴ ላ ባኛ በሚባለው የአሸዋ ምላስ ላይ ስለሆነ፣ ወፎቹ እንዳይደነግጡ ወደዚያ ሰው እንዲገባ አይፈቀድም።

ወደዚህ አገር የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ሊያውቅ ይገባዋል። አንደኛው ሜስትራል የተባለው፣ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ነው። ሜዳው መጠለያ ስለሌለው፣ ዳገት አይኖርም ብሎ የመጣውን ነጂ ከዳገት የበለጠ ያደክመዋል። ስለዚህ ብልኅ ሰው ጕልበቱ ሳይደክም በመጀመሪያ ነፋሱን ገጥሞ ይሄዳል፤ ሲመለስ ነፋሱ ራሱ እየገፋ ቤቱ ያደርሰዋል። ሁለተኛው የወባ ትንኝ ዘመድ የሆነው ትንኝ ነው፤ ወባ ባያስይዝም እንኳ በማታ ውጭ ተቀምጦ መጫወትን ያስመርራል።

ሜዳው የሰለቸው ሰው ወደ ቶርቶሳ ከተማ ወጥቶ ሌላ መንገድ ያገኛል። በቫል ዴ ሳፋን በኩል ወደ ተራራው የሚያልፍ የባቡር ሐዲድ ነበረ፤ በ1973 አገልግሎቱ ቀረ። በኋላ ሐዲዱ ተነሥቶ መንገዱ ለእግረኛና ለቢስክሌት ተሰጠ። እስፓኞች ከ1993 ጀምረው እንዲህ ያለውን የተጣለ የባቡር መንገድ እያደሱ «አረንጓዴ መንገድ» ይሉታል፤ ዛሬ በመላው አገር ከ3000 ኪሎሜትር በላይ ሆኗል። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል መንገዱ ሁሉ በዝግታ የሚወጣ ነው። ተራራው ሲያግድ ዋሻ፣ ገደሉ ሲያግድ ድልድይ ተሠርቶለታልና፣ ነጂው የእጅ ባትሪ መያዝን አይርሳ።

የቤት መኪናውም የራሱ ደንብ አለው። በእስፓኝ ሕግ ማቆምና መስፈር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መኪናው በጐማው ብቻ ቆሞ፣ ምንም ነገር ወደ ውጭ ሳይዘረጋና ሳያፈስ ቢገኝ፣ ሰው ውስጡ ቢተኛም እንደ ማንኛውም መኪና ቆሟል ይባላል። ጥላውን ዘርግቶ፣ ወንበርና ጠረጴዛ አውጥቶ ከተቀመጠ ግን ሰፍሯል፤ ያለተፈቀደ ቦታም ሲያደርገው ቢገኝ ይቀጣል። በ1988 የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ ደግሞ በዳርቻው ላይ መኪና ማቆምንም መስፈርንም ከልክሏል። ይህን ሕግ አንዳንድ እንግዶች እንደ ምቀኝነት ይቈጥሩታል። ነገር ግን የአሸዋውን ክምር የሚይዘው በላዩ የሚበቅለው ሣር ነው፤ ሣሩን ጐማ ከቀጠቀጠው አሸዋውን ነፋስና ማዕበል ይወስዱታል። አሸዋው ከሄደ ደግሞ ከኋላው ላለው የሩዝ እርሻ ከባሕር የሚከልለው አይኖርም።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ ደረስን። ይህ ሁሉ ደስታ የሚታይበት መሬት እያለቀ ነው።

የደለል መሬት በራሱ ክብደት ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ድሮ ሲሰምጥ ወንዙ በየዓመቱ አዲስ አፈር እያመጣ ይተካው ነበር። በ1966 የሜኪኔንሳ፣ በ1969 ደግሞ የሪባ ሮኻ ግድብ በኤብሮ ላይ ሲሠራ፣ አገሪቱ የኤሌክትሪክ ኀይል አገኘች፤ ደለሉ ግን ከግድቡ በላይ ተኝቶ ቀረ። ቀድሞ ወደ ባሕር ይወርድ ከነበረው አፈር ከመቶው ከ90 እጅ የሚበልጠው ዛሬ አይደርስም። በተረታችን ዓባይ ማደሪያ ስለሌለው ይታዘንለታል፤ ኤብሮ ግን ማደሪያ ባገኘ ጊዜ ሸክሙን አወረደ፣ የሸክሙ ባለቤት የነበረውም ምድር ማነስ ጀመረ። ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በግብጽ የናይል ደልታ የተሠራው አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በታጠበ አፈር ሲሆን፣ የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1970 ከተፈጸመ ወዲህ ያ አፈር ከግድቡ አልፎ አይወርድም።

ባሕር መሬትን ሲወስድ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የፈለገ ሰው የቡዳ ደሴትን መብራት ቤት ታሪክ ይስማ። ስሙ ከእኛው ቡዳ ጋር ዝምድና የለውም። በ1864 በወንዙ አፍ አጠገብ ከ50 ሜትር የሚበልጥ የብረት ማማ ቆመ። ግድቦቹም ገና ሳይሠሩ፣ ወንዙ አፉን ሲለውጥ ባሕሩ እየገፋ መጣ፤ በ1961 ማማውን ማዕበል ጣለው። ፍርስራሹ ዛሬ ከዳር ርቆ በውሃ ውስጥ ተኝቷል። በጥር ወር 2020 ደግሞ ግሎሪያ የተባለው ማዕበል የትራቡካዶርን የአሸዋ ልሳን ቈርጦ፣ ወደ 3000 ሄክታር በሚጠጋ የሩዝ እርሻ ላይ የባሕር ውሃ አፈሰሰ። ጨው የገባበት እርሻ ሩዝ ለማብቀል ብዙ ጣፋጭ ውሃ ይፈልጋል፤ ያን ውሃ የሚሰጠው ያው ወንዝ ነው።

የአገሩ ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። መንግሥት በ2001 የኤብሮን ውሃ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር ለመውሰድ ሕግ ባወጣ ጊዜ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተነሥተው ተቃወሙ፤ ያ አሳብ በ2004 ተሰረዘ። ዛሬ የሚጠይቁት በግድቦቹ ውስጥ የተኛው ደለል በዘዴ ተለቆ ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ሥራው ቀላል አይደለም፤ ግድቡን የሚያስተዳድረው ኀይሉን፣ ገበሬው መሬቱን፣ ዓሣ አጥማጁ የባሕሩን ዛጐል ያስባል፤ ሁሉንም የሚያስማማ መላ ያስፈልጋል።

ታዲያ ቤቱን ይዞ የሚዞረው እንግዳ በዚህ ምን አገባው? ይመስለናል፣ ያገባዋል። በፍጥነት መጥቶ፣ ሁለት ቀን ዋኝቶ የሚሄድ ሰው አሸዋው ባለፈው ዓመት እስከ የት እንደ ነበር አያውቅም። በቢስክሌት እየዞረ ወር የሚቀመጥና በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣ ግን ዳርቻው ሲጠብ በዐይኑ ያያል። ሩዙን ከአራሹ ገዝቶ በምድጃው ላይ የሚቀቅል፣ የቈሸሸ ውሃውን በተመደበለት ቦታ ብቻ የሚያፈስ፣ ጐማውን ከአሸዋው ሣር የሚያርቅ እንግዳ ለዚያ አገር ጐረቤት ይሆናል። መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ሲሄድ፣ ገበሬው የሚቀረው ያንኑ ዝቅ ያለ እርሻ ይዞ ነው፤ ሚያዝያ ሲገባም ቦዩን ከፍቶ ውሃውን ይለቅበታል።